ተቆጣጣሪው ያለው፣ አብራሪው የሰማው
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ አውሮፕላኑ አውቶፓይለት አለው፤ ኮክፒት ውስጥም ሁለት አብራሪዎች ተቀምጠዋል። ታዲያ ከታዘዘው ከፍታ የሚያልፈው እንዴት ነው?

መልስ፦ አውሮፕላኑን በራሱ የሚያበረው መሣሪያ፣ አውቶፓይለት፣ ከምድር ሆኖ በሬዲዮ ትእዛዝ የሚሰጠውን የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ድምፅ አይሰማም። የሚያውቀው በፊት ለፊቱ ፓነል ላይ ባለችው ትንሽ የከፍታ መስኮት የተሞላለትን ቁጥር ብቻ ነው። ትእዛዙ 11 ሺህ ጫማ ሆኖ 10 ሺህ ከተሞላለት፣ አንዲት ጫማ ሳያዛንፍ 10 ሺህ ላይ ያደርሳል። ስለዚህ ስሕተቱ የሚፈለገው ከጆሮ እስከ ጣት ባለው መንገድ ላይ ነው።

ሥራው በደንቡ ሲሄድ እንዲህ ነው፦ ሬዲዮውን የያዘው አብራሪ ትእዛዙን ከበረራው የጥሪ ስም ጋር መልሶ ያነባል። አውቶፓይለቱ በሥራ ላይ ከሆነ ቁጥሩን የሚሞላው የሚያበረው አብራሪ ነው። ጣቱን ወደ መስኮቱ እንደቀሰረ «11 ሺህ» ይላል። ሌላው ደግሞ ቁጥሩን በዓይኑ አይቶ «11 ሺህ» ብሎ ያረጋግጣል። ሳያይ፣ የባልደረባውን ድምፅ ብቻ ተከትሎ የሚመልስ ከሆነ ማረጋገጫው ማሚቶ ነው። ቀጥሎ ሁለቱም ከማሳያው አናት ላይ አውቶፓይለቱ በምን ሁኔታ እየሠራ እንደሆነ ያነባሉ፤ ቁጥር መሙላት ብቻውን አውሮፕላኑን አያስወጣም፣ አያስወርድም። 1000 ጫማ ሲቀር ይህንኑ ጮክ ብሎ መናገር ግዴታ ነው። የመውጫው ወይም የመውረጃው ፍጥነትም እዚህ ላይ በደቂቃ ከ1500 ጫማ በታች ቢሆን ይመረጣል።

ሰንሰለቱ በብዛት የሚበጠሰው አንደኛው አብራሪ ለተሳፋሪዎች ማስታወቂያ ሲናገር ወይም በሌላ ሬዲዮ ሲያወራ ነው። ያኔ ትእዛዙን የሰማው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሌላው ሲመለስ «ወደ 10 ሺህ ተፈቅዶልናል» ይባላል፣ እሱም ያምናል። ጥቂት ጥርጣሬ እንኳ ካለ ተቆጣጣሪውን ደግሞ መጠየቅ ነው እንጂ ሁለቱ እርስ በርሳቸው ተመካክረው ቁጥር መምረጥ የለባቸውም።

ጥያቄ፦ በብዛት የሚምታቱት የትኞቹ ቁጥሮች ናቸው?

መልስ፦ 10 ሺህና 11 ሺህ። ናሳ በአሜሪካ ከአብራሪዎች በፈቃደኝነት በሚሰበስባቸው ሪፖርቶች ውስጥ ከሌሎች ጥንድ ቁጥሮች ሁሉ በልጠው የታዩት እነዚህ ናቸው። በሬዲዮ «ዋን ዜሮ» እና «ዋን ዋን» በአንድ ቃል ብቻ ይለያያሉ። በዚያ ላይ በብዙ ቦታ ከ10 ሺህ ጫማ በታች ፍጥነት ከ250 ኖት እንዳይበልጥ ስለተወሰነ 10 ሺህ በአብራሪው አእምሮ ውስጥ አስቀድሞ ተቀምጦ ይጠብቃል። ጆሮ ደግሞ የጠበቀውን ይሰማል። ተቆጣጣሪው ከፍታ፣ ፍጥነትና አቅጣጫ በአንድ ትንፋሽ ሲደረድር ችግሩ ይብሳል።

ጥያቄ፦ በአንድ ቃል ብቻ የደረሰ አደጋ አለ?

መልስ፦ አለ። የካቲት 12 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1989፣ የፍላይንግ ታይገር የጭነት ቦይንግ 747 ወደ ኳላ ላምፑር ሲወርድ ተቆጣጣሪው 2400 ጫማ ማለቱ ነበር፤ «ቱ ፎር ዜሮ ዜሮ»። በእንግሊዝኛ «ሁለት» እና «ወደ» አንድ ዓይነት ድምፅ ስላላቸው ትእዛዙ «ወደ 400» ተብሎ ተወሰደ። ካፒቴኑም «ኦኬ፣ ፎር ዜሮ ዜሮ» ብሎ መለሰ። አውሮፕላኑ ኮረብታ ላይ ተከስክሶ አራቱም ሠራተኞች ሞቱ።

በእኛ ግምት ከዚህ ታሪክ ይበልጥ የሚያስተምረው መልሱ ነው። ያ መልስ ስሕተቱን አየር ላይ አስጥቶት ነበር፤ የያዘው ግን አልተገኘም። መልሶ ማንበብ ሌላኛው ወገን አዳምጦ ካላረመው ከንቱ ነው። ከቁጥሩ ፊት «አልቲትዩድ» (ከፍታ) ወይም «ፍላይት ሌቭል» (የበረራ ደረጃ) የሚለውን ቃል ማስገባትም ጥሩ መከላከያ ነው።

ጥያቄ፦ ቁጥሩ በትክክል ተሞልቶም አውሮፕላኑ የተሳሳተ ከፍታ ላይ ሊሆን ይችላል?

መልስ፦ ይችላል፤ የአየር ግፊቱ ተሳስቶ ከተሞላ። የከፍታ መለኪያው የሚለካው ግፊትን ነው፤ በዝቅተኛ ከፍታ የአንድ ሄክቶፓስካል (የግፊት መለኪያ አሃድ) ልዩነት ወደ 28 ጫማ ገደማ ይሆናል። ግፊት በአንዳንድ አገር በሄክቶፓስካል፣ በሌላው ደግሞ በሜርኩሪ ኢንች ይነገራል። ተቆጣጣሪው 992 ሄክቶፓስካል ለማለት «ናይን ናይን ቱ» ሲል፣ ኢንች የለመደው አብራሪ 29.92 ብሎ ይሞላል። ያ ደግሞ 1013 ሄክቶፓስካል ነው። ልዩነቱ 21 ሄክቶፓስካል ነውና አውሮፕላኑ መለኪያው ከሚያሳየው 600 ጫማ ያህል ዝቅ ብሎ ይበራል። ሁለቱም አብራሪዎች ያንኑ የተሳሳተ ቁጥር ሞልተው ከሆነ መለኪያዎቻቸው ይስማማሉ፤ ማመሳከሩም አያድናቸውም። ስለዚህ የግፊቱ ቁጥር ሲነገር አሃዱም፣ ሄክቶፓስካል ወይም ኢንች፣ አብሮ ይነገር።

ጥያቄ፦ ረዳት አብራሪ ካፒቴኑን እንዴት ያርመው?

መልስ፦ በቁጥር። «ትንሽ ዝቅ አላልንም?» አይባልም። «ካፒቴን፣ የተፈቀደልን 11 ሺህ ነው፤ መስኮቱ 10 ሺህ ይላል» ይባላል። መልስ ካልመጣ ይደገማል፤ አሁንም ካልመጣ መሪው ይወሰዳል።

ዝምታ ሁልጊዜ ከፍርሃት አይመጣም። በ1972 እ.ኤ.አ. የኢስተርን አየር መንገድ 401 በረራ ማያሚ አጠገብ 2000 ጫማ ላይ ሲዞር፣ ሠራተኞቹ ስለ አንዲት የተቃጠለች የማረፊያ ጎማ አመልካች አምፖል ሲጨነቁ አውሮፕላኑ ቀስ እያለ መውረድ ጀመረ። የከፍታ ማስጠንቀቂያው ደወል ቢደውልም አላስተዋሉትም። 101 ሰው ሞተ። ችግር ሲፈጠር አንዱ ብቻ ችግሩን ይይዛል፣ ሌላው ዓይኑን ከበረራው አያነሳም።

ጥያቄ፦ ከፍታው ካለፈ በኋላስ?

መልስ፦ በዝግታ መመለስና ለተቆጣጣሪው ወዲያው መናገር። የግጭት መከላከያው መሣሪያ ቲካስ «ውጣ» ወይም «ውረድ» ካለ ግን የተቆጣጣሪው ትእዛዝ ወደ ጎን ይተዋል፤ መሣሪያውን ተከትሎ «ቲካስ አር ኤ» (የቲካስ ትእዛዝ ደርሶናል ለማለት ነው) ብሎ ማሳወቅ ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ ዩበርሊንገን ላይ አንዱ አውሮፕላን ቲካስን፣ ሌላው ተቆጣጣሪውን ሰምተው ሁለቱም ወረዱና ተጋጩ፤ 71 ሰው አለቀ።