ሰባቱን ጠርቶ መሬትን ምን በላት?

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። አራት ኪሎ የፊዚክስ ተማሪ ነኝ። ጓደኛዬ «ይሄ ላንተ የተሠራ ነው» ብሎ የእንግሊዛዊውን የጉስታቭ ሆልስትን «ፕላኔቶች» የተባለ የኦርኬስትራ ሙዚቃ በቴሌግራም ላከልኝ። ሰባት ክፍል አለው፤ መሬትና ፕሉቶ ግን የሉም። ቅደም ተከተሉም የተዘበራረቀ ነው፣ ማርስ፣ ቬነስ፣ ከዚያ ሜርኩሪ። ሰውየው ሳይንስ አይነካካውም እንዴ? መጨረሻው ላይ ደግሞ ድምፁ ጠፋብኝ፤ ፋይሉ ተቆርጦ ይሆን? (ሰ. ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ፋይልህ ደህና ነው። ወደሱ እመጣለሁ።

ሆልስት የጻፈው እናንተ ስለምትማሩት ሕዋ አይደለም። ስለ ኮከብ ቆጠራ ነው! አዎ፣ አውደ ነገሥት ገልጦ «ኮከብህ እንዲህ ይላል» የሚባለው ዓይነት። በ1913 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) አንድ ጓደኛው ነገሩን አስተዋወቀውና በዚያው ተመሰጠ። ስለዚህ እያንዳንዱ ፕላኔት የራሱ ጠባይ አለው፦ ማርስ ጦርነት ያመጣል፣ ቬነስ ሰላም፣ ጁፒተር ደስታ፣ ሳተርን እርጅና፣ ዩራነስ አስማተኛ ነው። ኮከብ ቆጣሪ መሬት ላይ ቆሞ ነው ወደ ላይ የሚያየው፤ የቆመበትን ምን ብሎ ይቆጥራል? ፕሉቶ የተገኘው በ1930 ነው፣ ሥራው ደግሞ ከ1914 እስከ 1917 ተጽፎ አልቋል። በ2006 ፕሉቶ ከፕላኔትነት ሲወርድ ዝርዝሩ ሳይነካ ተረፈ፣ ዕድለኛ ሰው!

ማርስን አንድ ጊዜ ጣትህን እያጠፍክ ስማው። ቫዮሊኖቹ ደጋኑን ገልብጠው በእንጨቱ ክሩን ይመታሉ፤ ደረቅ፣ የሚያንኳኳ ድምፅ ነው። ምቱ ደግሞ በአራት ሳይሆን በአምስት ይቆጠራል። የትግርኛ ጓይላ ለለመደ ጆሮ አምስት ብርቅ አይደለም፣ ግን እዚያ ትከሻ የሚያስነሳው አምስት እዚህ ቁጭ ባልክበት ያስጨንቅሃል። ከዚያ ሁሉ ጩኸት በኋላ ቬነስ መምጣቷ ለእኔ ትክክል ነው። ከፀሐይ ያላቸውን ርቀት ተከትሎ ቢደረድራቸው ኖሮ ሙዚቃው አይጥምም ነበር።

አሁን ወደ ፋይልህ። የመጨረሻው ኔፕቲዩን ላይ ሴቶች ያለ ቃል ያዜማሉ፤ የሚያዜሙት መድረክ ላይ ሳይሆን ሌላ ክፍል ውስጥ ሆነው ነው። ሆልስት ኖታው ላይ የክፍሉ በር ቀስ ብሎ፣ ድምፅ ሳያሰማ እንዲዘጋና የመጨረሻዋ ሐረግ ጭራሽ እስክትጠፋ እንድትደጋገም አዝዟል። በ1918 ለንደን ውስጥ ኤድሪያን ቦልት መርቶት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ፣ ያንን ያዜሙት ሆልስት የሚያስተምርበት የሴቶች ትምህርት ቤት ተማሪዎች ነበሩ። አንተ ግን ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ ታክሲ ውስጥ፣ ረዳቱ «ሂሳብ! ሂሳብ!» እያለ ከሰማኸው ገና በሩ ሳይዘጋ ነው የጠፋብህ። ማታ፣ ሰፈሩ ጸጥ ሲል፣ በጆሮ ማዳመጫ ሞክረው።

ሃምሳ ደቂቃ ገደማ ስለሆነ ባንዴ ከከበደህ በጁፒተር ጀምር፣ ሁሉም ሰው የሚወደው እሱን ነው። ሳተርንን ግን ዝግ አለ ብለህ እንዳትዘልለው፤ ሆልስት ራሱ ከሰባቱ አብልጦ የሚወደው እሱን ነበር።