ከበጉ ጉበት የወጡት ትሎች

ጥያቄ፦ የምኖረው ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ነው። ለፋሲካ ካረድነው በግ ጉበት ከፊሉን በዱለት ከበላን በኋላ፣ የቀረውን ስንከትፍ ከቧንቧዎቹ ውስጥ ቅጠል የሚመስሉ ጠፍጣፋ ትሎች ወጡ። በሦስተኛው ቀን ባለቤቴ ሆዷን አሟት ብትመረመር በሰገራዋ የጉበት ትል እንቁላል ተገኘ። ከዱለቱ ይዟት ይሆን? ለቀሩት በጎችስ ምን ላድርግ?

መልስ፦ በሽታው ከዱለቱ አልያዛትም። ከጉበቱ የወጣው ያደገ ትል ቢበላ እንኳ እንደ ሥጋው ይፈጫል እንጂ ሰው ጉበት ውስጥ አይሰፍርም። ትሉ ወደ ሰውም ሆነ ወደ በግ የሚገባው ከጨፌ ነው፦ ከእንስሳት ሰገራ ጋር የወጣው እንቁላል ውሃ ውስጥ ይፈለፈላል፣ እጩ ትሉ በአንዲት ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ይራባል፣ ከዚያም ወጥቶ ውሃ ዳር ሣር ላይ ይጣበቅና የሚውጠውን ይጠብቃል። እረኞች ልጆች የሚያኝኩት የጨፌ ሣር፣ ሳይበስል የሚበላ የወንዝ ዳር ቅጠልና ያልፈላ ውሃ የሚያሠጉት ለዚህ ነው።

ላቦራቶሪው ግን ተሳስቷል አልልም። ትሉ ሰው ውስጥ ከገባ በኋላ እንቁላል ለመጣል ሦስት ወር ያህል ስለሚፈጅበት፣ በሦስተኛው ቀን የታየው ከጉበቱ ጋር ተውጦ እንዳለ የወጣ እንቁላል ሳይሆን አይቀርም። ባለቤትዎ ለአንድ ሳምንት ጉበት ሳይቀምሱ ደግመው ይመርመሩ። ያን ጊዜም ከተገኘ፣ ወይም ትኩሳትና በቀኝ የጎን አጥንት ሥር ሕመም ካለ፣ መድኃኒቱ ትሪክላቤንዳዞል ነው፤ ለቢልሃርዝያ የሚሰጠው ፕራዚኳንቴል ለዚህኛው ትል አይረዳም።

በጎቹ የዋሉት እዚያው ጨፌ ላይ ከሆነ ሁሉም እንደተያዙ ይቁጠሩት፤ የአንዱ መንጋጋ ሥር አብጦ ድዱና የዓይኑ ውስጥ ከነጣ ደግሞ ጉዳቱ ቆይቷል ማለት ነው። ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው አልቤንዳዞል የሚገድለው ያደገውን ትል ብቻ ሲሆን፣ ጉበት እየቦረቦረ ያለውን ለጋ ትል የሚደርስበት ትሪክላቤንዳዞል ነው። ክረምቱ ወጥቶ ጨፌው መሸሽ ሲጀምር፣ ሌላው ግጦሽ ስለሚደርቅ በጎች ወደዚያው ይጎርፋሉ፤ መከልከል ያለባቸውም ያኔ ነው። አልቤንዳዞል ከመስጠትዎ በፊት ግን በቅርቡ በአውራ የተጠቁ እናት በጎችን ይለዩ፤ በመጀመሪያው የእርግዝና ወር ከተሰጣቸው ጽንሱን ይጎዳል።