በክረምት እንጉዳይ ለምትለቅሙ ልጆቼ

ልጆቼ፣ ክረምቱ ሲጠና ከደብረ ሲና በላይ፣ በወፍ ዋሻ ጫካ ዙሪያና በአንኮበር ቁልቁለት እንጉዳይ ይፈላል። ፍልሰታም ስለሚከተል ለጾም ወጥ የሚመኘው ብዙ ነው። ምኞታችሁን አልነቅፍም። ዕድሜዬን በጤና ሙያ ያሳለፍኩ ሰው ነኝና የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፦ መጀመሪያ እወቁት፤ መብላቱ ይቆይ። እስከዚያው ለወጡ በእርባታ የሚመረተው ይበቃል።

አብዛኛው ሰው ቆቡን አይቶ ይፈርዳል። ቆብ ግን አያስተማምንም፤ ዝናብ ያጥበዋል፣ ፀሐይ ያነጣዋል። ትልቁ ምልክት አፈር ውስጥ ነው። ስለዚህ ከአንገቱ አትቁረጡት፤ ዙሪያውን በቢላ ቆፍራችሁ ከነግርጌው አውጡት። አማኒታ ከሚባለው ወገን ገዳዮቹ ከግርጌያቸው ከረጢት መሰል ሽፋን አላቸው፤ ቆርጦ የሄደ ሰው ይህን ማስረጃ እዚያው ጥሎት ሄደ ማለት ነው።

ቀጥሎ ቆቡን ገልብጡና እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደረውን ተመልከቱ። የሚበላው የሜዳ እንጉዳይ፣ አጋሪከስ ካምፔስትሪስ፣ ለጋ ሳለ ሮዝ ነው፤ ሲጎለምስ ወደ ጥቁር ቡናማ ይሄዳል። የገዳዩ አማኒታ ነጭ እንደሆነ ይቆያል። ማታ ቆቡን ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ጥቁር በሆነ ወረቀት ላይ ድፉና ብርጭቆ ክደኑበት፤ ጠዋት ከቆቡ የረገፈውን ብናኝ፣ ማለትም የእንጉዳዩን ዘር፣ ቀለም ታትሞ ታገኙታላችሁ። ይህን ሥራ እጅግ እወደዋለሁ፤ ዓይን ያሠለጥናል። ቡናማ ስለወጣ የሜዳው እንጉዳይ ነው ብላችሁ ግን አትቸኩሉ፤ ግርጌው ሲቆረጥ ወዲያው ደማቅ ቢጫ የሚሆንና የጽሕፈት ቀለም የሚሸት የአጋሪከስ ዘመድ አለ፤ እሱም ሆድ ያውካል። ቡናማ ብናኝ ያላቸው ሌሎች ገዳዮችም አሉ።

«ከብት በልቶት አልሞተም»፣ «በደንብ ከተቀቀለ አይጎዳም» የሚሏችሁን አትስሙ። አማቶክሲን የተባለው የገዳዩ አማኒታ መርዝ በእሳት አይጠፋም። የሚያስፈራው ደግሞ መዘግየቱ ነው፦ ትውከቱና ተቅማጡ ብዙ ጊዜ ከተበላ ከ6 ሰዓት በኋላ ይጀምራል፤ ከዚያ በ2ኛው ቀን ገደማ ሰውየው የተሻለው ይመስላል፣ ጉበቱ ግን እየተጎዳ ነው። ተሻለኝ ብሎ ቤቱ የሚተኛውም ያኔ ነው። ወተትም መድኃኒቱ አይደለም።

ስለዚህ ያላበሰላችሁትን አንዱን ሁልጊዜ በፌስታል ሳይሆን በወረቀት ጠቅልላችሁ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ አስቀምጡ። አንድ ሰው ከታመመ እንጉዳዩን ይዛችሁ ወደ ሆስፒታል ሩጡ፤ ከዚያው ድስት የበላ ሁሉ፣ ምንም ባይሰማውም፣ አብሮ ይሂድ።