«ትቶኝ ከሄደ በኋላ ከአልጋ መነሣት አቃተኝ»

ጥያቄ፦ ስምንት ዓመት አብሮኝ የኖረው ሰው «ሌላ ወድጃለሁ» ብሎ ትቶኝ ከሄደ ሦስት ወር ሆነው። በየቀኑ ጎሕ ሳይቀድ እነቃለሁ፤ የእህል ጣዕም ጠፍቶብኛል፤ ለራሴ ያለኝ ግምትም ወርዷል። እህቴ «ባሏ የሞተባት እንኳ ተጽናንታለች» ትለኛለች። ሐዘን ነው ወይስ በሽታ?

መልስ፦ እህትዎ ሊያበረታቱዎት ነው፤ ንጽጽራቸው ግን አያስኬድም። አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ኬኔት ኬንድለርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ በሌላው ወገን ውሳኔ የመጣ መለያየት፣ ማለትም ማጣትና ውርደት የተደረቡበት፣ ሞትን ጨምሮ ከማጣት ብቻ ይልቅ ለድብርት ያጋልጥ ነበር። ስለዚህ «በሞት እንኳ» የሚለውን ይተዉት።

ሐዘን እንደ ማዕበል ይመጣል፣ ይሄዳል፤ በመሐል ሳቅም ይኖራል። ድብርት ግን ቀኑን ሙሉ ይጫናል፣ «እኔ ምንም አልረባም» ያሰኛል። እንዲህ ያለው ስሜት ከእንቅልፍና ከምግብ መዛባት ጋር በየቀኑ ሁለት ሳምንት ከዘለቀ ለሐኪም የሚነገር ነው። እርስዎ ሦስት ወር ታግሠዋል፤ ይበቃል። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ግን ዛሬውኑ ይሂዱ።

ከሰዎች ጋር ባለን ግንኙነት ላይ የሚያተኩረው የንግግር ሕክምና እንዲህ ላለው ስብራት ጥሩ ነው፤ መድኃኒት ካስፈለገ ሐኪሙ ይወስናል፣ ውጤቱም ሳምንታት ይፈልጋል። በተረፈ በተወሰነ ሰዓት ይነሡ፤ ምንም ባያሰኝዎትም ከቤት ይውጡ። ስሜቱ ብዙ ጊዜ ከሥራው በኋላ ነው የሚከተለው።

ሳይጠይቁኝ አንድ ልጨምር፦ ፎቶግራፎቹን ከስልክዎ ያንሡ። ማጥፋቱ ከከበደዎት እህትዎ ይያዙልዎ፤ እዚህ ላይ ይጠቅማሉ።