የተጣላነው በሳሙና ነው ወይስ በትምህርት ቤት?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር በአሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ግዛት ነው። ሴቷ ልጄ 10፣ ወንዱ 7 ዓመታቸው ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ልጄ በፀጉሯና ይዛው በምትሄደው ምሳ የክፍሏ ልጆች እየቀለዱባት ጠዋት ጠዋት «ሆዴን አመመኝ» ማለት ስታበዛ፣ በአረጋውያን መንከባከቢያ የነበረኝን ሥራ ለቅቄ ሁለቱንም ልጆች ቤት ማስተማር ጀመርኩ። ትምህርቱ ጥሩ ነው፤ የሆድ ሕመሙ ጠፍቷል፣ ማንበብም ትወዳለች። ባለፈው ወር ግን «እኔ ጓደኛ የለኝም» አለችኝ። እኔም የለኝም። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ሴቶቹ «ልጆቹ ምን ሆነው ነው?» ይሉኛል፤ አማቴም በስልክ ያንኑ ይጠይቁኛል። ልጆቻቸውን ቤት የሚያስተምሩ አሜሪካውያን እናቶች በቤተ መጻሕፍት ይገናኛሉ ሲባል ሰምቼ ሁለት ጊዜ ሄድኩ፤ እንግድነት ስለተሰማኝ ተውኩት። የወንዱ ልጄን ቆዳ የሱቅ ሳሙና ስለሚያሳክከው ሳሙና ራሴ መሥራት ጀመርኩ፤ ከዚያ የመስታወት ማጽጃ፣ የወለል ማጽጃና የጥርስ ሳሙና ተከተሉ። ልጆቹም እያገዙኝ ይማሩበታል። ባለቤቴ በአውሮፕላን ማረፊያ የሌሊት ፈረቃ ይሠራል። ከሦስት ሳምንት በፊት ጠዋት ሲገባ፣ እንዲደርቁ የደረደርኳቸውን ሳሙናዎች ሰብስቦ ቆሻሻ ውስጥ ጣላቸውና «ቤቴን ፋብሪካ፣ ልጆቼን እስረኛ አደረግሽብኝ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ «ምሳ ቀርቧል» ከማለት ያለፈ ነገር አልተነጋገርንም። ሳሙናውን ልተው? ወይስ ልጆቹን ልመልስ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂዬ፣ የላኩልኝ ደብዳቤ ከላይ ከወጣው በሦስት እጥፍ ይረዝማል፤ ለአንባቢ እንዲመች አሳጥሬዋለሁ። ሙሉውን ሳነብ አንድ ነገር ትኩረቴን ሳበው። ስለ ሳሙናው አሠራር፣ ስለ ዘይቱ ዓይነትና ስለ ሽታው ሳይቀር ሁለት ገጽ ጽፈዋል፤ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ባወጡበት ሳምንት ባለቤትዎ ምን እንዳሉ ግን አንድም መስመር የለም። ግምቴን ልናገር፤ ዝም ብለው ነበር፤ እርስዎም ልጅዎን ከሥቃይ ለማውጣት ስለቸኮሉ ዝምታውን እንደ እሺታ ተቀበሉት። በእኛ ቤቶች የባል ዝምታ ብዙ ጊዜ ለሌላ ቀን የተቀጠረ ክርክር ነው። ቀጠሮው ከሦስት ሳምንት በፊት የደረሰ ይመስለኛል፤ ሳሙናው ደግሞ በዚያ ጠዋት መንገድ ላይ ተገኘ።

ስለዚህ ሁለቱ ጥያቄዎችዎ የተነሡበትን ሦስተኛ ጥያቄ ላስቀድም፤ ባለቤትዎ በትምህርት ቤቱ ምክንያት ያጡት ነገር ምንድን ነው? ሀገር ቤት ላደገ በተለይም ከገጠር ወይም ከድሃ ቤተሰብ ለወጣ ሰው፣ ትምህርት ቤት ሒሳብና ንባብ የሚቀሰምበት ቦታ ብቻ ሆኖ አያውቅም። «ተምሮ ሰው ይሁን» ይባል የለም? ደብተር ይዞ ረጅም መንገድ የተመላለሰ፣ የማትሪክ ውጤት ቤተሰቡን ሲያስጨፍር ወይም ሲያስለቅስ ያየ ሰው፣ ሌሊት ሌሊት ሻንጣ እያነሣ የሚኖርበትን ሕይወት ለራሱ የሚያስረዳው «ልጆቼ እዚህ ይማራሉ» በምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው። እርስዎ ልጅዎን ያዳኑበት ውሳኔ እሳቸው የተሰደዱበትን ምክንያት ሳያስቡት ነክቶ ሊሆን ይችላል። ይህ ማለት እርስዎ ተሳስተዋል፣ እሳቸው ልክ ናቸው ማለት አይደለም፤ አዝነው ሳለ ሐዘናቸውን የጠየቃቸው ሰው የለም ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ሳሙናውን መጣላቸውን በቀላሉ አላልፈውም። የሌላ ሰው የእጅ ሥራ አንሥቶ ቆሻሻ ውስጥ መክተት ንቀት ነው፤ ንቀት ደግሞ በትዳር ውስጥ ከቁጣ የበለጠ ይጎዳል፤ ምክንያቱም ቁጣ «ይህን ለምን አደረግሽ?» ሲል ንቀት «ምንም አይደለሽም» ይላል። ይህን ለባለቤትዎ መናገር ይገባዎታል፣ ይቅርታም ይገባዎታል። ዕቃ መወርወሩና መስበሩ የሚደጋገም ከሆነ፣ ወይም በሩ ሲከፈት ፍርሃት የሚሰማዎ ከሆነ ግን ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ይተዉትና በ1-800-799-7233 ይደውሉ፤ በአሜሪካ በቤት ውስጥ ጥቃት ለሚደርስባቸው ሰዎች ሌትና ቀን የሚሠራ መስመር ነው።

አሁን ወደ ሳሙናው እንመለስ፤ እኔ ከልብ የተረዳሁት እሱን ነውና። ልጅ ማስተማር ውጤቱ በዓመታት እንጂ በቀን አይታይም። ዛሬ ያስረዱት ክፍልፋይ ነገ ተረስቶ ይገኛል፤ ማታ ማንም «ዛሬ ጥሩ ሠራሽ» አይልም። ሳሙና ግን ማታ ፈስሶ ጠዋት ጠንክሮ ይጠብቅዎታል፤ ተቆርጦ ይደረደራል፣ ይሸታል፣ ይቆጠራል። ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን የተባሉት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ሊቃውንት ሰው ጤናማ ሆኖ እንዲኖር ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል ይላሉ፤ በራሱ ፈቃድ መንቀሳቀስ፣ አንድን ነገር መቻሉ መሰማትና ከሌሎች ጋር መተሳሰር። እርስዎ በአረጋውያን መንከባከቢያው ሳሉ ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም ያገኙ ነበር፤ ባልደረቦች ነበሩዎት፣ እጅዎን ይዘው የሚያመሰግኑ ሽማግሌዎች ነበሩ። ሥራውን ሲለቁ ሁለቱም በአንድ ቀን ተቋረጡ። ሳሙናው ሁለተኛውን መለሰልዎ፤ ሦስተኛውን ሊመልስ አይችልም። ከአንዱ ምርት ወደ ሌላው ሳያቋርጡ የሄዱትም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ስለዚህ ሳሙናውን ይተዉ አልልም። ነገር ግን የባለቤትዎ ስጋት በሙሉ ባዶ ነው ብዬ ብነግርዎ እዋሻለሁ። ሳሙና ያለ ኮስቲክ ሶዳ አይሠራም፤ ኮስቲክ ሶዳ ደግሞ ቆዳንና ዓይንን ያቃጥላል። የ7 ዓመት ልጅ ይህ ዱቄት በሚመዘንበትና በሚበጠበጥበት ክፍል ውስጥ መገኘት የለበትም፤ ለሳይንስ ትምህርት ሲባልም ቢሆን። ዱቄቱ ወደ ውኃ ይጨመራል እንጂ ውኃ በዱቄቱ ላይ አይፈስስም። በማጽጃዎቹ በኩል በረኪና ከኮምጣጤ ጋር ፈጽሞ አይቀላቅሉ፤ የሚወጣው ክሎሪን የተባለ መርዛማ ጋዝ ነው። በረኪናን ከአሞኒያ ጋር መቀላቀልም እንዲሁ አደገኛ ጋዝ ያወጣል። በቤት የተሠራ ሁሉ ገር ነው የሚለው እምነት እኛንም ሊያታልለን አይገባም፤ እናቶቻችን ልብስ ያጥቡበት የነበረው እንዶድ ምን እንደሚያደርግ እናውቃለንና። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ውስጥ፣ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ውኃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ፤ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ በእንዶድ ለማጥፋት የተደረገው ረጅም ምርምር የተጀመረው ከዚያ ነው። ልብሱን ያነጻው ያው ፍሬ ቀንድ አውጣውን ገደለው። የልጅዎን ማሳከክ በተመለከተም የቤት ሳሙና በባሕርይው አልካላይን ስለሆነ የደረቀ ቆዳን የባሰ ሊያደርቅ ይችላል፤ ቆዳውን ሐኪም ይይለት። ስለ ጥርስ ሳሙናውም ፍሎራይድ የሌለበት መሆኑን ለጥርስ ሐኪማቸው ሳይሸሽጉ ይንገሩ። የመመረዝ አደጋ ቢያጋጥም በአሜሪካ የሚደወለው 1-800-222-1222 ነው፤ ማቀዝቀዣው በር ላይ ይለጥፉት።

ወደ ትምህርቱ ልሂድ። አማትዎም ሆኑ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች «ልጅን ከትምህርት ቤት ማስቀረት አያስከስስም?» ብለው ቢፈሩ አይፈረድባቸውም፤ ይህን ከሚያነቡት መካከል በጀርመን የሚኖሩ ካሉ በዚያ በእርግጥ አይፈቀድም። በአሜሪካ ግን በሁሉም ግዛቶች ሕጋዊ ነው፤ ደንቡ ይለያያል እንጂ። በቨርጂኒያ ወላጅ በየዓመቱ እስከ ኦገስት 15 ለአካባቢው የትምህርት ጽሕፈት ቤት ማሳወቂያ ያስገባል፣ ልጁ መማሩን የሚያሳይ የፈተና ውጤት ወይም የባለሙያ ግምገማ ደግሞ እስከ ተከታዩ ኦገስት 1 ያቀርባል። እርስዎ ይህን እንደሚያደርጉ አልጠራጠርም፤ የምጠራጠረው ባለቤትዎ ወረቀቱን አይተውት ማወቃቸውን ነው። ሌሊት ሲሠራ አድሮ ቀን የሚተኛ አባት የልጆቹን ትምህርት የሚያየው በጠረጴዛ ላይ በተረፈ ዘይትና ሚዛን ከሆነ፣ «ፋብሪካ» ቢለው አይግረምዎ። የልጆቹን ደብተር በሳምንት አንድ ቀን እሳቸው ይመልከቱ፤ ከተቻለ አንድ ትምህርት፣ ሒሳብም ይሁን የአማርኛ ንባብ፣ የእሳቸው ይሁን።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ እንቆቅልሽ ሆኖብኛል። ሴቷ ልጅዎ ከትምህርት ቤት የወጣችበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ወንዱ ግን ለምን ወጣ? ያን ጊዜ 5 ዓመቱ ነበር፤ በእሱ ላይ ስለደረሰ ነገር ደብዳቤዎ አንዳች አይልም። ለሁለቱ ልጆች አንድ ዓይነት መልስ የግድ አይደለም። ምናልባት ከባለቤትዎ ጋር ለመስማማት ክፍት የሆነው በር ይኼ ነው።

ልጅዎ «ጓደኛ የለኝም» ያለችው እውነቷን ነው፤ ሊያስደነግጥዎ ይገባል፤ ሊያስወቅስዎ ግን አይገባም። የ10 ዓመት ልጅ ጓደኛ የምታፈራው በአንድ ጊዜ ጥሩ ጨዋታ አይደለም፤ ያንኑ ልጅ፣ በዚያው ቀን፣ በዚያው ቦታ፣ ለብዙ ሳምንት ደጋግማ በማየት ነው። ሁለት ጊዜ ሄዶ መተው ለእርስዎም ለእሷም ሙከራ ሊባል አይችልም። በዚያ የቤተ መጻሕፍት ቡድን ውስጥ እርስዎ የልብ ወዳጅ ላያገኙ ይችላሉ፤ ወሬያቸው፣ ቀልዳቸው፣ ምግባቸው ሌላ ነው። የሄዱበት ጉዳይ ግን የልጅዎ ጓደኝነት ስለሆነ ጥግ ላይ ተቀምጠው መጽሐፍ እያነበቡ ቢሆንም እንኳ ቢያንስ ለሁለት ወር ሳያቋርጡ ይሂዱ። የራስዎን ናፍቆት ደግሞ በራስዎ ቋንቋ ይፈልጉት። የድሮ የቆሎ ተማሪ እንኳ ከወላጆቹ ቤት ርቆ አኩፋዳውን አንግቶ ሲለምን ብቻውን አልተማረም፤ ከየኔታ ሌላ ከፍ ያለው ዝቅ ያለውን ያስቀጽል ነበር፣ ጎጆውም የጋራ ነበር። ትምህርት ከመንግሥት ትምህርት ቤት ውጭ መሆኑ በእኛ ታሪክ አዲስ አይደለም፤ አዲሱ ነገር አንዲት እናት ብቻዋን የኔታም ጓድም ጎጆም ለመሆን መሞከሯ ነው።

«ልጆቹ ምን ሆነው ነው?» ለሚሉት ሴቶች ረጅም ማብራሪያ አይስጡ፤ ማብራሪያው በረዘመ ቁጥር እንደ ተከሳሽ ያስመስልዎታል። «ደህና ናቸው፣ እኔ ነኝ የማስተምራቸው፤ ደግሞ ፊደል መቁጠር የሚፈልጉ ልጆች ካሉሽ ቅዳሜ አምጪያቸው» ይበሉ። በአካባቢዎ ልጆቹ አማርኛ እንዲያነቡ የሚመኝና ጊዜ ያጣ የሀበሻ ቤተሰብ እንደማይጠፋ እገምታለሁ። ሦስት ልጆች ቅዳሜ ጠዋት ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ሀ ሁ ሲሉ ልጅዎ ታናናሾቿን ታስቀጽላለች፣ እናቶቹም ሊወስዷቸው ሲመጡ ቡና ተፈልቶ ይጠብቃቸዋል። ሁሉንም ሴቶች በአንድ ጊዜ ለማስደሰት አይሞክሩ፤ ከመካከላቸው ነገር የማታበዛዋን አንዷን ይምረጡ።

ከባለቤትዎ ጋር ለመነጋገር ከፈረቃ የተመለሱበትን ጠዋት አይምረጡ፤ የዕረፍታቸው ቀን ከሰዓት በኋላ ይሁን፣ ልጆቹም በቤት አይኑሩ። ንግግሩን ከሳሙናው አይጀምሩ። «ልጆቹን ሳስቀር አንተን በደንብ አልጠየቅሁህም። ያን ጊዜ ምን ተሰማህ?» ይበሏቸውና እስኪጨርሱ መልስ አይስጡ፤ የሚሉት ቢያበሳጭዎም እንኳ። ከዚያ ተራው የእርስዎ ነው፤ «የእጄን ሥራ ስትጥለው የተጣልኩ መሰለኝ» ማለት ይበቃል። ቀጥሎ እስከ ሰኔ የሚቆይ ስምምነት በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ልጆቹ ምን መቻል እንዳለባቸው፣ በሳምንት ስንት ጊዜ ከሌሎች ልጆች ጋር እንደሚውሉ፣ የሴቷ ልጅ አስተያየት እንዴት እንደሚሰማ። በሰኔ ወደ ትምህርት ቤት መመለስ አለብን የሚል ውሳኔ ላይ ቢደረስ እንኳ ሁለቱ ዓመት ባክኗል ማለት አይደለም፤ ልጅዎ የሆድ ሕመሟ በዳነበት ጊዜ ላይ ተመርኩዛ ነው የምትመለሰው። ያን ጊዜም የቀደመው ችግር እንዳይደገም ከመምህራኑ ጋር አስቀድመው በጽሑፍ ይነጋገሩ።

ሳሙናውን በተመለከተም ባለቤትዎን አንድ ነገር ይጠይቋቸው፤ ኮስቲክ ሶዳው የሚቀመጥበት፣ ከልጆቹ ቁመት በላይ የሚሰቀልና የሚቆለፍ ሣጥን ይሥሩልዎ። ቁልፉ ከሁለታችሁ ዘንድ ይሁን። የሚቀጥለው ሳሙና እስኪደርቅ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋል፤ መደርደሪያው የት እንደሚሆን ይህን ጊዜ አብረው ይወስኑ።