መልስ፦ ላሞቹ ለምን ፊት የላቸውም?

ፈረንሳዊው ሠዓሊ ኤዠን ቡዴን የሣላቸው ላሞች ዓይንም አፍንጫም የላቸውም፣ ሥዕሉ ሳያልቅ ቀርቶ ነው ወይ ላልከው፣ እኔ እንደዚያ አላየውም። ሰውዬው በሰሜን ፈረንሳይ፣ ኖርማንዲ ውስጥ ሜዳ ላይ ቆሞ ነበር የሚሥለው። ላም ደግሞ ቁሚልኝ ቢሏት አትቆምም፤ አንገቷን ቀና እስክታደርግ ደመናው አልፎ ብርሃኑ ይቀየራል፣ ስለዚህ ቀለሙን ቶሎ መያዝ ነበረበት። እስቲ ቀረብ ብለህ እየው። ያ ወፍራም ነጭ የብሩሽ ጭረት ጀርባዋ ነው፣ ከሥሩ ያለው ቡናማ ደግሞ ሆዷ። አሁን ትንሽ ወደ ኋላ በል፣ ሣር ስትግጥ ታያታለህ! እኔ ይሄን ነው የምወድለት። በኋላ ዝነኛ ሠዓሊ የሆነውን ወጣቱን ሞኔን ከቤት ውጭ እንዲሥል የገፋፋውም እሱ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1874 በተካሄደው የመጀመሪያው የኢምፕሬሽኒስቶች (የቅጽበቱን ብርሃንና ቀለም ለመያዝ የሚሞክሩ ሠዓሊዎች) ኤግዚቢሽን ላይም ተሳትፏል። ፈረንሳይ ከሄድክ ለ አቭር ከተማ ያለውን ሙዚየም እንዳታልፈው፣ የላም ሥዕሎቹ በብዛት ያሉት እዚያ ነው።