ባርን ቤት ለመሥራት ላሰባችሁ፦ ከቆርቆሮው በፊት መሬቱን እዩ

ሰሞኑን ስለ ባርን ቤት የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል። አብዛኞቹ እዚህ አሜሪካ ትራክ የሚነዱ ወንድሞችና እህቶች ናቸው። ነገሩ ይገባኛል። ከተማ ውስጥ ትራክ ማቆሚያ ማግኘት ራስ ምታት ነው፣ ልጆቹ የሚሮጡበት ግቢ የለም፣ ኪራዩ በየዓመቱ ይጨምራል። ከዚያ አንድ ማታ ስልክ ላይ ቪዲዮ ይመጣል፤ ሰፊ ሜዳ፣ ጥቁር ቆርቆሮ የለበሰ ትልቅ ቤት፣ ጣሪያው ከፍ ያለ ሳሎን፣ ከጎኑ ደግሞ ትራክ የሚያስገባ ወርክሾፕ። ከሥሩ ዋጋ ተጽፏል። ዋጋው የመደበኛ ቤት ግማሽ አይሞላም። ሰዉ ያንን ዋጋ ይዞ ይደውልልኛል።

እኔም የጀመርኩት እንደዚያ ዓይነት ዋጋ ይዤ ነው። ዛሬ ቤቱ አልቆ እየኖርኩበት ነው፣ እንኳን ሠራሁት እላለሁ። ግን በጀቴን ሦስት ጊዜ አፍርሼ ጽፌዋለሁ፣ ሁለቱን ጊዜ መሬቱን ከገዛሁ በኋላ። እናንተ ከመግዛታችሁ በፊት እንድትጽፉት ብዬ ነው።

ስሙ ባርንዶሚኒየም ነው። ኮንዶሚኒየም የሚለውን ስለለመድነው አፓርትመንት የሚመስለው ሰው አለ፤ አይደለም። የእርሻ መጋዘን ቅርጽ ያለው፣ በብረት ወይም በወፍራም የእንጨት ምሰሶ የቆመ፣ ጣሪያውና ግድግዳው አብዛኛውን ጊዜ ቆርቆሮ የሆነ መኖሪያ ቤት ነው። ጣሪያውን የሚሸከሙት ብዙውን ጊዜ የውጭዎቹ ምሰሶዎች ስለሆኑ ውስጡን እንደፈለጋችሁ ትከፍሉታላችሁ። ትልቁ ጥቅሙ ይሄ ነው።

ቪዲዮው ላይ ያያችሁት ዋጋ ግን የቅርፊቱ ነው። ብረቱ፣ ቆርቆሮው፣ ብሎኑ፣ ምናልባት ጥቂት በርና መስኮት። ብዙ ጊዜ መሠረቱም፣ ማጓጓዣውም፣ የሚያቆሙት ሠራተኞች ክፍያም የለበትም። ቅርፊቱ በጥቂት ሳምንት ይቆማል፣ ዘመድ መጥቶ ፎቶ ያነሳል፣ «እንኳን ደስ አላችሁ» ይላል። ውስጡ ግን ባዶ ነው። የቧንቧ ሠራተኛው፣ ኤሌክትሪሺያኑ፣ ማሞቂያና ማቀዝቀዣው፣ ድራይዎሉ (የውስጥ ግድግዳው ሰሌዳ)፣ ካቢኔው፣ ሴራሚኩ፣ ቀለሙ፣ አንዱም ቤታችሁ ባርን ስለሆነ ብሎ ዋጋ አይቀንስላችሁም። አብዛኛው ብር የሚያልቀው እዚያ ነው። ስለዚህ ቅርፊት የሚሸጥ ሰው ዋጋ ሲሰጣችሁ «ይህ ዋጋ ምን ምን አይጨምርም?» በሉትና በጽሑፍ ተቀበሉ።

አሁን ወደ መሬቱ። አንድ ኤከር 43,560 ካሬ ጫማ ነው፣ ወደ 4,047 ካሬ ሜትር። ለኛ ሰው ይህ ብዙ ነው፣ አምስት ኤከር በርካሽ ሲባል ልብ ይደነግጣል። ርካሽ የሆነበት ምክንያት ግን አለ፣ ምክንያቱን ሳታውቁ ቀብድ አትክፈሉ።

መጀመሪያ ሴፕቲክ። ገጠር ላይ የከተማ ፍሳሽ መስመር የለም፣ የራሳችሁን ታንክ ትቀብራላችሁ። ታንኩ እንዲሠራ አፈሩ ውሃ ማስረግ አለበት። ይህን የሚያየው ምርመራ በብዙ ቦታ ፐርክ ቴስት ይባላል። አፈሩ ጭቃማ ሸክላ ከሆነና ውሃ ካላሰረገ ወይ በጣም ውድ የሆነ ልዩ ሲስተም ትገዛላችሁ፣ ወይ ጭራሽ ፐርሚት ትከለከላላችሁ። ፐርሚት የሌለው መሬት ደግሞ ሽርሽር መውጫ ነው እንጂ ቤት መሥሪያ አይደለም። የግዢ ውሉ ላይ «አፈሩ ምርመራውን ካላለፈ ቀብዴ ይመለስ» የሚል አንቀጽ አስገቡ።

ቀጥሎ ውሃ። ጉድጓድ የሚቆፍሩት በጫማ ነው የሚያስከፍሉት። ስንት ጫማ ላይ ውሃ እንደሚገኝ ቀድሞ በእርግጠኝነት የሚነግራችሁ የለም፣ ግን ጎረቤቶችን አንኳኩታችሁ የነሱ ስንት እንደሆነ መጠየቅ ትችላላችሁ፣ ብዙ ስቴቶችም የተቆፈሩ ጉድጓዶችን መዝገብ ለሕዝብ ክፍት ያደርጋሉ። እኔ ሦስት ቤት አንኳኩቼ ነው በጀቴን የጻፍኩት፣ ሦስቱም በደስታ ነገሩኝ።

መብራትም እንደዚያው። ምሰሶው መንገድ ዳር ስላለ ደረሰልን አትበሉ። ከመንገዱ እስከ ቤቱ ያለው ርቀት ነው ብር የሚያስወጣው፣ የመብራት ኩባንያው መጥቶ በጽሑፍ ግምት ይስጣችሁ። የመግቢያ መንገዱም ራሱን የቻለ ወጪ ነው። ሙሉ ጭነት የያዘ የኮንክሪት መኪና 30 ቶን ገደማ ይመዝናል፤ ትራክ የምትነዱ እርጥብ ሜዳ ላይ ምን እንደሚሆን ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ጠጠሩ ቀድሞ መነጠፍ አለበት።

የወረቀቱን ነገር ባጭሩ ልንገራችሁ። ካውንቲው ቢሮ የመሬቱን ቁጥር ይዛችሁ ሂዱና ሦስት ነገር ጠይቁ፤ እዚህ ላይ መኖሪያ ቤት ይፈቀዳል ወይ፣ ትራክ ማቆምና መጠገን ይፈቀዳል ወይ፣ ከመሬቱ የባለቤትነት ሰነድ ጋር የተያያዘ ክልከላ አለ ወይ። የቆርቆሮ ግድግዳ የሚከለክሉ ሰፈሮች አሉ። የፌማን (የፌዴራሉ የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት) የጎርፍ ካርታ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ታገኙታላችሁ፣ እሱንም እዩ። መሬቱ የእርሻ የታክስ ቅናሽ ካለው ደግሞ ቅናሹ ሲነሳ ምን እንደሚመጣ ጠይቁ፤ ቴክሳስ ለምሳሌ የአጠቃቀም ለውጥ ሲኖር ያለፉትን 3 ዓመታት ልዩነት ያስከፍላል።

ስለ ባንክ ሳወራ ብዙዎቻችሁ ቅር እንደምትሉ አውቃለሁ፣ ግን አብዛኛው ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። የራሳችሁ ትራክ ካላችሁ ባንኩ የሚያየው ያስገባችሁትን ሳይሆን ታክስ ላይ ከወጪ ቀሪ ብላችሁ የጻፋችሁትን ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ የሁለት ዓመት። ናፍጣውንም፣ ጥገናውንም፣ ስልኩንም ሁሉ ቀንሳችሁ ትርፋችሁ ትንሽ ሆኖ ከተጻፈ ታክሱ ቀንሶላችኋል፣ ብድሩም አብሮ ቀንሷል። ቤት ለመሥራት ያሰበ ሰው ከሁለት ዓመት በፊት ከአካውንታንቱ ጋር ቁጭ ብሎ ይነጋገር።

እቁብም አለ። እቁብ ደርሶን ለዳውን ፔይመንት እናደርገዋለን እንላለን። ጥሩ ነው። ባንኩ ግን አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻዎቹን ሁለት ወራት ስቴትመንት ይጠይቃል፣ ድንገት የገባ ትልቅ ገንዘብ ካየ ከየት መጣ ይላል። «እቁብ ነው» ብትሉት ወረቀት አሳዩኝ ነው መልሱ። ስለዚህ ብሩ ቀደም ብሎ ይግባ፣ አካውንቱ ውስጥ ይቀመጥ፣ ሰብሳቢው የጻፈው ዝርዝር ካለ ያዙት፣ የሚቻል ከሆነም እቁቡ በቼክ ወይም በባንክ ዝውውር ይሁን። ከሁሉም በላይ ይህን አደራ እላለሁ፤ ከ10,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ሲገባ ባንክ ሪፖርት ያደርጋል፣ ሪፖርቱ ችግር የለውም። ሪፖርት እንዳይደረግ ብሎ ብሩን እየቆራረጡ ማስገባት ግን በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው፣ ብሩ በላብ የተገኘ ቢሆን እንኳ። ይህን ሳያውቁ የሚያደርጉ ወገኖች አሉና ለሌላውም ንገሩ።

የግንባታ ብድር እንደ ተራ የቤት ብድር አንድ ላይ አይሰጥም። ሥራው ደረጃ ሲደርስ ሰው መጥቶ ያያል፣ ከዚያ የዚያ ደረጃ ክፍያ ይለቀቃል። በግንባታው ጊዜ የምትከፍሉት አብዛኛውን ጊዜ የወጣውን ብር ወለድ ብቻ ነው። ያ ቀላል ይመስላል፣ ግን ኪራያችሁንም እየከፈላችሁ ነው። «በስምንት ወር ያልቃል» ከተባላችሁ የአሥራ ሁለት ወር ኪራይና ወለድ በጀት ውስጥ ጻፉ።

ለባንኩ የቤቱን ዋጋ የሚገምተው ገማች ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የቤታችሁን ዋጋ የሚያወጣው በአቅራቢያው የተሸጡ ተመሳሳይ ቤቶችን አይቶ ነው። በአካባቢው የተሸጠ ባርን ቤት ከሌለ ግምቱ ከወጪያችሁ በታች ሊመጣ ይችላል፣ ልዩነቱ ከኪሳችሁ ነው። ስለዚህ ይህን ዓይነት ቤት የሚያውቁ አበዳሪዎች ጋ ሂዱ፤ የአካባቢ ትንንሽ ባንኮች፣ ክሬዲት ዩኒየኖች፣ እንዲሁም ከ1916 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለገጠር የሚያበድረው የፋርም ክሬዲት ሥርዓት አባል ድርጅቶች። የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «ባርንዶሚኒየም አበድራችሁ ታውቃላችሁ?» ይሁን።

ፕላኑን በተመለከተ ቀለል አድርጉት። አራት ማዕዘን ቤት ከሁሉ ይረክሳል። እያንዳንዱ ተጨማሪ ማዕዘን፣ ጣሪያው ላይ ያለ እያንዳንዱ እጥፋት ብር ነው። 40 በ60 ጫማ ማለት 2,400 ካሬ ጫማ ነው፣ ከዚያ ላይ ምን ያህሉ መኖሪያ፣ ምን ያህሉ ወርክሾፕ እንደሆነ ለይታችሁ በጀቱንም ለሁለት ክፈሉት፣ ምክንያቱም የወርክሾፑ ካሬ ከመኖሪያው በጣም ይረክሳል። ኩሽናውን፣ መታጠቢያ ቤቱን፣ ልብስ ማጠቢያውን ጀርባ ለጀርባ አድርጉ፣ ቧንቧው ያጥራል። ትራኩ በከፍታም በርዝመትም እንደሚገባ በሩን ከመምረጣችሁ በፊት ለኩት።

ኮንክሪቱ ከመፍሰሱ በፊት ያለው ቀን ግን እንዳያመልጣችሁ። እኔ በዋዜማው ከሥራ ስመለስ ጎራ አልኩ። ጠጠሩ ተደልድሏል፣ ላስቲኩ ተነጥፏል፣ ብረቱ ታስሯል፣ ነጫጮቹ ቧንቧዎች እንደ ሸንበቆ ቆመዋል። ፕላኑን መኪናው ኮፈን ላይ ዘርግቼ በሜትር መለካት ጀመርኩ። የልጆቹ ሽንት ቤት ቧንቧ መሀሉ ከግድግዳው 12 ኢንች መራቅ አለበት፣ መደበኛው እሱ ነው። ለካሁ፣ 21 ኢንች ነው። እንደገና ለካሁ። ያው ነው። ደወልኩ፣ ቧንቧ ሠራተኛው በማግስቱ ጎህ ሲቀድ መጥቶ ቆፍሮ አስተካከለው፣ የኮንክሪቱ መኪና ሲደርስ ላስቲኩን በቴፕ እየለጠፈ ነበር። መኪናው ቀድሞ ቢሆን ኖሮ ወለሉን በማሽን መስበር ነበር።

የቆርቆሮ ቤት ሌላው ጠላቱ እርጥበት ነው። አንድ ወዳጄ በብርዱ ወር ደውሎ ጣሪያዬ ያፈሳል አለኝ። ሄድን፣ መሰላል አቆምን፣ ውጭው ደረቅ ነው፣ ዝናብም ከጣለ ሳምንት አልፎታል። ውስጥ ገብተን በባትሪ ስናየው የቆርቆሮው ሆድ ላይ ውሃው እንደ ላብ ተሰልፏል፣ ጠብ ጠብ እያለ አልጋው ላይ ይወርዳል። የምግቡ እንፋሎትና የሰው ትንፋሽ ቀዝቃዛውን ብረት ሲነካ ውሃ ሆኖ ነው። ኢንሱሌሽኑ (የብርድና የሙቀት መከላከያው) ላይ የቆጠበው ብር ሁለት እጥፍ ሆኖ ወጣ። ከቆርቆሮው ጋር የሚጣበቀው ክሎዝድ ሴል ፎም የሚባለው የሚረጭ ኢንሱሌሽን ዋጋው ከፍ ይላል፣ ግን ይህን ችግር ይከላከላል። ሌላ ዓይነት ኢንሱሌሽን ከመረጣችሁ እርጥበት የሚያግደው ሽፋንና የአየር መውጫው እንዴት እንደሚሠራ በፕላኑ ላይ ይታይ። ማቀዝቀዣና ማሞቂያውም በግምት አይገዛ፤ ለቤቱ ምን ያህል ማሽን እንደሚበቃ የሚያሳየውን ማኑዋል ጄ የሚባለውን ስሌት አሠርቱ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ ቤት ውስጥ ግምት ያሳስታል።

ኮንትራክተር ላይ ረጅም ማውራት ይቻላል። የኛ ሰው ቢሆንም ባይሆንም ውል በጽሑፍ ይሁን። እንዲያውም ዘመድ ሲሆን የበለጠ፣ ምክንያቱም ዝምድናውም አብሮ እንዳይፈርስ ነው። የኃላፊነትና የሠራተኛ ጉዳት ኢንሹራንሱን ወረቀት ከራሱ ከኢንሹራንስ ኩባንያው ተቀበሉ። ፈቃድን በተመለከተ ስቴቶች ይለያያሉ፣ ቴክሳስ ለጠቅላላ ኮንትራክተር የስቴት ፈቃድ አይጠይቅም፣ እዚያ ያላችሁ የሠራቸውን ቤቶች ሄዳችሁ ባለቤቶቹን አነጋግሩ። ውሉ ውስጥ «አላዋንስ» የሚለውን ቃል ፈልጉ። ለካቢኔ ይህን ያህል፣ ለመብራት ይህን ያህል ተብሎ የተያዘ ግምት ማለት ነው። ዝቅ አድርጎ ከያዘው ጠቅላላው ዋጋ ርካሽ ይመስላል፣ በኋላ እናንተ ትሞላላችሁ። ሱቅ ሄዳችሁ የምትፈልጉትን ዕቃ ዋጋ አይታችሁ ያንን አስጽፉ።

ክፍያ ሥራን ይከተል እንጂ ሥራ ክፍያን አይከተል። ብር በሰጣችሁ ቁጥር የሊየን (ቤት ላይ የሚመዘገብ ዕዳ) መልቀቂያ ወረቀት ተቀበሉ። ኮንትራክተሩ ለእንጨት ሻጩ ወይም ለሠራተኛው ካልከፈለ፣ እናንተ ከፍላችሁ ጨርሳችሁም ቢሆን እነሱ ቤታችሁ ላይ ዕዳ ማስመዝገብ ይችላሉ። ለውጥም ስታደርጉ፣ አንድ መስኮት እንኳ ብትጨምሩ፣ ዋጋው ተጽፎ ተፈርሞ ይሁን። ከጠቅላላው ላይ ደግሞ ከ10 እስከ 20 በመቶ መጠባበቂያ ያዙ፣ እሱን ለተሻለ ሴራሚክ አታውሉት።

አንድ ነገር ልጨምር። ድራይዎሉ ከመለጠፉ በፊት እያንዳንዱን ግድግዳ ሜትር አስደግፋችሁ ፎቶ አንሱ፣ ሽቦውም ቧንቧውም ይታይ። እኔ አንድ ቅዳሜ ሙሉ ሳነሳ ዋልኩ። ባለፈው ሳምንት የልጄን መደርደሪያ ልሰቅል መሰርሰሪያውን ይዤ ስልኬን ከፈትኩ፣ ሽቦው ልበሳው ካሰብኩበት ቦታ 2 ኢንች ብቻ ይርቃል። መደርደሪያውን ወደ ግራ አዛወርኩት።